ሲጠመድ የሚተኛ በሬ

ሳሊሃ ተማሪዎቿ ያወጡላትን ስም የሰማችው ሰኞ ጠዋት፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ነው። ጉሮሮዋን ከርክሯት ስለነበር ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ተሸጉጣለች። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆና፣ በአንድ ወገን መስኮቱ፣ በሌላው ወገን የሽንኩርት ጆንያ ያቀፈ ሰውዬ አጣብቀዋት፣ ጭኗ ላይ ያልታረሙ ወረቀቶች የሞሉበት ቦርሳ ይዛለች። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠይቋቸው አንድ አዛውንት ከኮምቦልቻ ጀምሮ ሲከራከሩት ቆዩና፣ ጉም ውስጥ ሲገቡ ደከማቸው መሰል ከፍለው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ከፊቷ የተቀመጡት የሁለት ልጃገረዶች ወሬ ጥርት ብሎ የተሰማት። አንደኛዋን በድምጿ አወቀቻት፤ ትህትና ናት፣ እሷ ራሷ የሽያጭ ሕግ የምታስተምራት የሕግ ተማሪ። ሌላዋ ጓደኛዋ ሰላም ናት። ሁለቱም ቅዳሜና እሁድን ቤተሰብ ጋ ውለው ወደ ደሴ መመለሳቸው ነው።

«እኔ ከሠላሳ ሃያ አራት አመጣሁ፤ ያስረዳኝ ሀምዱ ግን ዘጠኝ!» አለች ትህትና። «ያስረዳው ወደቀ፣ የተረዳነው አለፍን። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«ኖት ክሊር ናታ ያረመችው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የስልሳ ሁለት ሰው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነገር! ማኅተም አስቀርጻ ነው የሚሉት እኮ እውነት ሳይሆን አይቀርም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሳሊሃ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ባለቤቱን ሊያገለግል ቆርጦ ተነስቶ ነበር። «ኖት ክሊር» ማለት በእንግሊዝኛ «ግልጽ አይደለም» ማለት ነው፤ በእርግጥም የተማሪ መልስ ሳይጥማት ሲቀር ዳር ላይ በቀይ የምትጽፈው ይህንኑ ነው። መምህር ሆኖ ቅጽል ስም የሌለው እንደሌለ ታውቃለች። ከእሷ በፊት ኮርሱን የሚሰጡት ሰውዬ «ከላይ በተጠቀሰው» ይባሉ ነበር፤ እሷም ተማሪ ሳለች ስሙን ካወጡት አንዷ ነበረች። ሲደርስባት ግን ሌላ ሆነ። ሰው በፍርድ ቢረታ ይግባኝ አለው፣ ተማሪ ያወጣው ስም ግን ሰበር ሰሚ ችሎት ቢደርስ አይሻርም። በመጀመሪያ ተናደደች። ሻርፗን አውልቃ «ደኅና አደራችሁ?» ልትላቸውና ድንጋጤያቸውን ልታይ ዳድቷት ነበር። ያስተዋት የልጃገረዶቹ ቀጣይ ወሬ ነው። ሀምዱ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ፎርም ሞልቷል። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ሬጅስትራር የሚቀበለው እስከ አሥር ሰዓት ነው። «ሕግ ለኔ ቢጤ አይሆንም፤ የማውቀውን ስጽፍ እንዳላወቅሁ ከተቆጠረ ምን ልሁን?» ብሏቸዋል።

ሳሊሃ ሚኒባሱ ሐረጎን ጨርሶ ወደ ደሴ እስኪያሽቆለቁል ድረስ የሀምዱን ወረቀት ለማስታወስ ታገለች። ልጁን ታውቀዋለች። ከቢስቲማ የመጣ፣ ረዘም ያለ፣ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ፣ ከክፍል ሲወጣ ግን አምስት ስድስት ልጅ ከቦት የሚሄድ ተማሪ ነው። ወረቀቱ ግን ከነጭራሹ ሊታወሳት አልቻለም። ዘጠኝ የሰጠችው ምን አንብባ እንደሆነ አታውቅም። ይሄ ከስሙ ይልቅ አስደነገጣት፣ ደግሞም አሳፈራት።

ቢሮዋ አራት መምህራን የሚጋሩት፣ ሁለት ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ያለው ክፍል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ ያያል፣ ግን አንድ መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን ስለተደፈነ የሚታየው ግማሹ ጦሳ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ቀድማ ደረሰች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተማሪዎቹ አይተው የመለሱትን የፈተና ወረቀቶች እሽግ ከቁም ሣጥኑ አወጣችና የሀምዱን ፈልጋ ተቀመጠች። ጥያቄው እሷ ራሷ ያወጣችው ነው። አግማስ የሚባል ገበሬ ከብሩ ላይ የእርሻ በሬ ገዛ። በሬው ገበያ ላይ ሲያዩት ግርማው የሚያስፈራ ነው፤ ቀንበር ሲጫንበት ግን ይተኛል። ቢመቱትም፣ ቢለምኑትም አይነሳም። አግማስ ከሁለት ወር በኋላ ብሩን ከሰሰው። ተማሪው ዳኛ ቢሆን ምን ይወስናል?

የሀምዱ መልስ የሚጀምረው ከሕጉ አልነበረም። «ሁለቱም ሰዎች ሐቅ አላቸው» ብሎ ይጀምርና ሁለት ገጽ ሙሉ የብሩን ብሶት ይዘረዝራል። ብሩ በሬውን ሲሸጥ ምን ያውቅ ነበር፣ ምን አላወቀም፣ እንዴትስ ሊያውቅ ይችል ነበር ይላል። ቀጥሎ የአግማስን ያነሳል፤ የእርሻው ወቅት እንዳለፈበት፣ ከጎረቤት ጥማድ እንደተዋሰ፣ ሰው እንደሳቀበት። አንቀጽ የለም፣ «ጭብጡ ይህ ነው» የሚል ነገር የለም። ሳሊሃ ዳር ላይ ሁለት ጊዜ በቀይ የጻፈችውን አየች፤ ኖት ክሊር፣ ኖት ክሊር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎ ተከቧል። ወረቀቱን ገለጠችው። ከጀርባው፣ ቀይ ቀለም ያልነካው ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነበር። የተደበቀ ጉድለት ምን እንደሆነ፣ በዓይን የሚታየው ከማይታየው በምን እንደሚለይ፣ በሬ ሳይጠመድ ገበያ ላይ ሊመረመር እንደማይችል፣ ስለዚህም ሻጩ ኃላፊ እንደሚሆን ከነአንቀጹ ተሰድሯል። ከክፍሉ ውስጥ ይህን ነጥብ በዚህ ሁኔታ ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። «ወላሂ አልገለጥኩትም» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ። አርባኛው ወይም አርባ አምስተኛው ወረቀት ላይ ደርሳ፣ አባቷ ዜና ከፍተው፣ እንቅልፍ እያዳፋት ነበር ያረመችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው፤ ያውም መልቀሙ ገና ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወንድምአገኘሁ መዝገብ ላይ የገባ ውጤት የሚስተካከልበትን ቅጽ አውጥተው ሰጧት። ጨዋታ የሚወዱ፣ ማንንም ማስቀየም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ሦስት መስመር ባዶ ቦታ አለ። ሳሊሃ እስክሪብቶዋን ይዛ እዚያ ላይ ስትቆም አዩዋትና ሳቁ።

«የድምር ስህተት በይው እንጂ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ስምንት ዓመት ስቀመጥ ከድምር ስህተት ሌላ ምክንያት አይቼ አላውቅም። የሕግ መምህር ሁሉ ሒሳብ አይችልም፣ አለቀ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ እኮ ነው ያለው። ምኑን ከምን ደመርኩት ልበል?»

«እሱን ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት» አለችና ጻፈች፤ «የመልሱን የመጨረሻ ገጽ ሳላነብ ውጤት ሰጥቻለሁ።» ከታች ዘጠኝን ሰርዛ አሥራ ዘጠኝ አደረገችው። አሥራ ዘጠኝ እንጂ ሃያ ሰባት አይደለም፤ ምክንያቱም ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል፤ እሱን ደግሞ አሁን በደንብ አይታዋለች። አቶ ወንድምአገኘሁ ምክንያቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንዲህ ያለ ነገር ከተለመደ እኛ ሁላችን ጉዳችን ፈላ» አሉና ነገ እፈርማለሁ ብለው ከመዝገቡ ሥር አስገቡት።

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ነበራት። ሀምዱ አልመጣም። ያስተማረችው ምን እንደነበረ ብትጠየቅ አትመልስም፤ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ክፍሉ እንዳለቀ ትህትናን ለብቻዋ ጠርታ ሀምዱ የት እንዳለ ጠየቀቻት። ትህትና ወደ ኮምቦልቻ መውረዱን ነገረቻት። የሚያስተምረው አጎቱ እዚያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ሳያስፈቅዳቸው ፎርሙን አያስገባም፤ አስፈቅዶ ከአሥር ሰዓት በፊት ይመለሳል። ስልኩ አይነሳም።

«ቲቸር፣ ግን ስለ ሀምዱ ማን ነገረዎት?»

«ጠዋት የሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ ነበርኩ» አለቻት ሳሊሃ። ትህትና አፏን ከፍታ ቀረች። ሳሊሃ ለዚያ ፊት ብቻ ከኮምቦልቻ የከፈለችው ሒሳብ እንደተመለሰላት ተሰማት። ከዚያ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሳምቡሳ ገዝታ፣ በጠዋቱ የወጣችውን ሐረጎን ትወርደው ጀመር። ምሳዋን የበላችው መታጠፊያው ላይ እየተንገዋለለች ነው። ልቧ ግን የሚያስበው ሰዓቱን ነበር። ልጁ አስፈቅዶ ከጨረሰና ሽቅብ በሚወጣ መኪና ከተሳፈረ፣ ሐረጎ ላይ ተላልፈው አንዱ ሌላውን ሳያይ ነገሩ ያልቃል። ፊት ለፊት በሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ውስጥ ረዘም ያለ ራስ ትፈልግ ነበር።

የአጎትየውን ሱቅ ማግኘት ብዙም አልቸገራትም። ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች ሰው «ጀላል ሚስማር» የሚባለው ሱቅ አይጠፋትም። ቆርቆሮው በበሩ ግራና ቀኝ ተደግፎ የከሰዓቱን ፀሐይ ዓይን ላይ ይረጫል፤ ውስጡ በአንጻሩ ጨለም ያለና ቀለም ቀለም የሚሸት ነው። አቶ ጀላል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሚስማር ይመዝናሉ። ስድሳ ዓመት የሆናቸው፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ጸጋው የሚባል አናጢ ሚዛኑን እያየ ይጠብቃል። ሀምዱ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ ቦርሳውን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል። አጎትና የወንድም ልጅ ከተነጋገሩ ቆይተዋል መሰል፣ አንዱ ሚስማሩን፣ ሌላው መሬቱን ያያል። ሳሊሃ በሩ ላይ ቆመች።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ይግቡ መምህርት፣ ይግቡ» አሉ፣ ሀምዱ ከተቀመጠበት ዘሎ ሲነሳ አይተው ማንነቷን ገምተው። በርጩማ በእጃቸው ጠርገው ሰጧት። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ዘር ማንዘር ጥያቄ ጨዋታ አይጀመርምና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ።

«የከሊድ። የጨርቃ ጨርቁ ከሊድ።»

«የከሊድ ልጅ! ያ ረቢ!» እርስዎታው እዚያው ላይ ቀረ። «እና አንቺ ነሽ ልጄን ዘጠኝ ያልሺው? ከአባትሽ ጋር እኮ ጁምዓ ጎን ለጎን ነው የምንሰግደው!»

«ለሱ ነው የመጣሁት፣ አባ ጀላል። ውጤቱ ተስተካክሏል። አሁን ዘጠኝ ሳይሆን...»

አቶ ጀላል የሚስማር ማፈሻውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። እሱን አሁን እንዳትናገሪ! አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወረባቦ ላይ ስንት የተጣላ ያስታረቀ ሰው ነው። ፍርዱን አስቀድመሽ ከተናገርሽ አንዱ ደስ ብሎት፣ አንዱ ቀይሞ፣ ከዚያ ወዲያ የምትዪውን ማን ይሰማሻል? ነገሩን ንገሪው። ያለማውን ንገሪው፣ ያጠፋውን ንገሪው። ቁጥሩ የትም አይሄድም።»

ሳሊሃን ሳቅ አመለጣት። ልጁ ብይኑን ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ የጻፈው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ፍርድን አስቀድሞ መናገር ነውር በሆነበት ቤት ነው ያደገው። አያቱ ቢሆኑ የእሷን ወረቀት አስተራረም አይተው ምን ይሏት ነበር? ቁጥር ከብባ የሰጠች፣ ነገሩን ሳትነግር የፈረደች ዳኛ ናት። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው።

«እንግዲያውስ ከኔ ጥፋት ልጀምር። ሀምዱ፣ ይህን ገጽ አልገለጥኩትም። ሳላነበው ነው የፈረድኩብህ። አፉ በለኝ።»

ጸጋው ሚስማሩን ረስቶ ጠጋ አለ። ሀምዱ ገጹን አየ፣ እሷን አየ፣ «ምንም አይደል ቲቸር» አለ፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። «ይሄ ቀላል አይደለም» አሉ አጎቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ግን ካፍሽ አወጣሽው። አብሽሪ፣ ቀጥዪ።»

ቀጠለች። በመስመር በመስመር እየጠቆመች፣ የሻጩን ወገን እንደሱ ያየ ሌላ ተማሪ እንደሌለ ነገረችው። የተደበቀውን ጉድለት የተነተነበትን ቦታ ጮክ ብላ አነበበችለት። ከዚያ ወደ ጥፋቱ መጣች። ሽማግሌ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ ቀኑ ሙሉ የሱ ነው፤ ዳኛ ግን በቀን ሠላሳ መዝገብ ይከፍታል፣ እንደሷ ያለውም ገጽ ላይገልጥ ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚጽፍ ሰው ጭብጡን ከላይ ማስቀመጥ አለበት። «አያትህ ለሚሰማ ሰው ነበር የሚናገሩት። አንተ የምትጽፈው ለቸኮለ ሰው ነው።» ሀምዱ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዳር ላይ ይህን ጻፈ። ቁጥሩን አስቀድማ ብትነግረው ይህን አይጽፍም ነበር። «ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ቶሎ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። አግማስ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ነው የከሰሰው። አንተ ይህን ጭራሽ አላነሳኸውም።»

ሀምዱ መጻፉን አቆመ። ከዚያ፣ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጁን አውጥቶ የማያውቀው ልጅ፣ ቀና አለ።

«ቲቸር፣ ዝም አላለም።»

«እንዴት?»

«የጥያቄውን አራተኛ መስመር ያንብቡት። በሳምንቱ ገበያ ላይ ብሩን አግኝቶ ‹በሬህ እንደ ሙሽራ መኝታ ይወዳል› አለው፣ ሁለቱም ሳቁ ይላል። ነግሮታል እኮ። ነግሮታል ብዬ ነው ሳላነሳው የቀረሁት።»

ሳሊሃ ጥያቄውን አየችው። መስመሩ አለ። ራሷ ናት የጻፈችው፣ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ትንሽ ፈገግ ይበሉ ብላ። ማሳወቅ ይሆናል ብላ ለአፍታም አስባበት አታውቅም፤ ስልሳ ሁለት ወረቀት ያረመችውም አግማስ አላሳወቀም ብላ ነው። «ቀልድ ነው እኮ» አለች፣ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ቀልድማ እንዴት ክስ ይሆናል!» ብለው ገቡ አቶ ጀላል፣ ለመምህርቷ አግዘው። «እኔን ቆርቆሮህ ወንፊት ነው እያለ የሚስቅብኝ ደንበኛ ስንት አለ። ሁሉንም ከሳሽ ልበለው?»

«እኔ ግን» አለ ጸጋው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለባለቤቱ ጣራህ ሊያፈስ ነው ብዬ እየሳቅሁ ነው የምነግረው። በክረምት ሲያፈስ ታዲያ አልነገርከኝም ቢለኝ አልቀበለውም። ሳቅሁ እንጂ ነግሬዋለሁ።»

«ይኸው!» አለ ሀምዱ። «ሕጉ ያሳውቅ ይላል እንጂ ተኮሳትሮ ያሳውቅ አይልም።»

«ሻጩ ግን የሰማውን እንደ ቅሬታ ካልተረዳውስ?» አለች ሳሊሃ። በርጩማዋን ወደ ሲሚንቶው ሳበች። እውነቱን ለመናገር ከተቀጠረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም። ሀምዱ ለዚህም መልስ ነበረው፤ እሷም ለመልሱ መልስ ነበራት። አቶ ጀላል አንዴ ለሱ፣ አንዴ ለሷ ይፈርዳሉ። ጸጋው የሚስማሩን ከረጢት አንስቶ እንደገና አስቀመጠው። አንድ ቀለም ገዢ መጥቶ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዱኝ ብሎ በሬው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ። ፀሐዩ ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ፣ የዐስር አዛን ተሰምቶ፣ ደሴ ላይ ሬጅስትራሩ በሩን ሲቆልፍ እዚህ ያሉት ሻጩ «ሳቀ» ማለት ቅሬታውን «ተቀበለ» ማለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ነበሩ። ፎርሙ ያለበት ቦርሳ ከሀምዱ ጉልበት ሥር ወጥቶ ሚስማር ሳጥኑ አጠገብ ተጋድሟል፤ ማንም ልብ አላለውም።

በመጨረሻ አቶ ጀላል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። ዐስራቸውን ለመስገድ ሱቁን ሊዘጉ ነው። «መርሐባ፣ ነገሩን ሰማነው፣ ጠግበነዋል። በይ እንግዲህ የከሊድ ልጅ፣ አሁን ቁጥሩን አምጪው። ስንት ሰጠሽው?»

ሳሊሃ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሀምዱ እጁን አነሳ፤ ዓይኑን ከጥያቄው አራተኛ መስመር ላይ ሳይነቅል።

«ቆይ አጎቴ» አለ። «ገና አልተስማማንም።»